ቤትዎን ለገዢ ሲያዘጋጁ፦ ምን ይጠገን፣ ምን ይተው?

በዚህ እትም የምናስተናግዳቸው ጥያቄዎች ሁሉ ቤታቸውን ለመሸጥ ከሚዘጋጁ አንባቢዎች የደረሱን ናቸው። ረዣዥሞቹን አሳጥረናል፤ የሚመሳሰሉትንም አንድ ላይ አድርገናል።

ጥያቄ፦ ቤታችንን ከሁለት ወር በኋላ ለመሸጥ አስበናል። ገንዘባችን ውስን ነው። ባለቤቴ «ወጥ ቤቱን አፍርሰን እንደ አዲስ ካልሠራነው ገዢ አይመጣም» ይላል፤ እኔ ደግሞ ቀለም ከተቀባ ይበቃል ባይ ነኝ። ማንኛችን ልክ ነን?

መልስ፦ ወጥ ቤቱን አታፍርሱ። አዲሱን ካቢኔት የምትመርጡት እናንተ ናችሁ፤ የሚገለገልበት ግን ገዢው ነው። ካልወደደው አስነሥቶ ሌላ ያሠራል፤ ለእናንተም ያወጣችሁትን አይተካላችሁም። ቀለም ብቻውንም አይበቃም። ቤት ሊገዛ የመጣ ሰው ከሚያየው ነገር ተነሥቶ የማያየውን ይገምታል። ቧንቧው ሲያንጠባጥብ ካየ፣ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረውስ እንዴት ይሆን ብሎ ይጠራጠራል። ሶኬቱ ሲነካ ከተነቃነቀ ስለ ኤሌክትሪክ መሥመሩ ሁሉ ይጨነቃል። በጥቂት ደቂቃ የሚስተካከል ጉድለት በገዢው ሐሳብ ትልቅ ጥገና ሆኖ ከዋጋው ላይ ይቀነሳል። ስለዚህ ገንዘባችሁን አስቀድማችሁ ለጥቃቅን ጥገና፣ ቀጥሎ ለቀለም፣ በመጨረሻ ለጽዳት አውሉት።

ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ከውጭ በር ጀምሩ። ገዢ በሩ እስኪከፈትለት ድረስ ቆሞ የሚጠብቅባትን ቦታ ችላ አትበሉ፤ ቆሞ ከመመልከት በቀር ሌላ ሥራ የሌለው እዚያ ነው። በቁልፉ ቀዳዳ ዙሪያ ቁልፍ የፋቀው ቀለም፣ ከእጅ ብዛት የጠቆረ እጀታ፣ የማይጮኽ ደወል፣ የተቃጠለ የደጅ አምፖል፣ የሸረሪት ድር፦ እነዚህ ሁሉ በአንድ ከሰዓት የሚያልቁ ናቸው። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብታችሁ እያንዳንዱን ማብሪያ ማጥፊያ ተጫኑ፣ ቧንቧውን ሁሉ ክፈቱ፣ መስኮቶችንና በሮችን ክፈቱ ዝጉ፣ መሳቢያዎችን ሳቡ። የተቸገራችሁበትን ሁሉ ጻፉ። ከተቻለ ቤቱን የማያውቅ ዘመድ ወይም ወዳጅ አብሯችሁ ይዙር፤ የለመደ ዓይን የተሰነጠቀ ሴራሚክ አያይም።

ሥራው ከላይ ወደ ታች፣ ከቆሻሻ ወደ ንጹሕ ይሂድ፦ ጣሪያና አሸንዳ፣ ከዚያ ቧንቧና ኤሌክትሪክ፣ ከዚያ ልስን፣ ኮርኒስ፣ ግድግዳ፣ በርና መስኮት፣ በመጨረሻ ወለል። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ሥራው ሁለት ጊዜ ይሠራል፤ ቀለም ከተቀባ በኋላ ቧንቧ ፍለጋ ግድግዳ መብሳት፣ ወለሉ ከታደሰ በኋላ ስቱኮ መፋቅ የተለመደ ኪሳራ ነው። የቀለም ሥራው የመጀመሪያው ገዢ ከመምጣቱ ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሞ ይለቅ። ትኩስ ቀለም የሚሸት ቤት «ምን ሸፍነው ይሆን?» ያሰኛል።

ወጥ ቤቱን በተመለከተ፣ የካቢኔቱ ሳጥን ጤነኛ ከሆነ በሮቹንና እጀታዎቹን ብቻ አድሱ። እጀታ ከመግዛታችሁ በፊት በሁለቱ ቀዳዳዎች መካከል ያለውን ርቀት ከመሐል እስከ መሐል ለኩ፤ አብዛኛውን ጊዜ 96፣ 128 ወይም 160 ሚሊ ሜትር ነው። ልኩ ከተለያየ አሮጌዎቹን ቀዳዳዎች መድፈን ይመጣል፤ የተደፈነ ቀዳዳ ደግሞ በቀለም ሥር ሳይቀር ይታያል። በሮቹ የሚቀቡ ከሆነ ነቅላችሁ ቁጥር ስጧቸው፣ ቅባቱን በሳሙናና በሙቅ ውሃ ሁለት ጊዜ እጠቡ፣ በ180 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አንጸባራቂነቱ እስኪጠፋ አሹ፣ ለስላሳ ገጽ ላይ የሚይዝ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ የሥር ቅብ) ቀብታችሁ ሁለት ስስ ቅብ ጨምሩ። ቅባቱ ሳይለቅ የተቀባ በር በእጀታው ዙሪያ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይላጣል። ቀለሙ በእጅ ሲነካ የደረቀ ቢመስልም ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ፣ እስከዚያው በሮቹን በኃይል አትዝጉ።

ጥያቄ፦ የመኝታ ቤቴ ኮርኒስ ላይ ቡናማ ክብ አለ። ሁለት ጊዜ በውሃ ቀለም አስቀባሁት፤ ተመልሶ ይወጣል። በዚያው ክፍል የውጭው ግድግዳ ግርጌ ላይ ደግሞ ቀለሙ እየተነፋ ይላጣል፤ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገርም ይታያል። ገዢ ከመምጣቱ በፊት በምን ልሸፍነው?

መልስ፦ ሁለቱ የተለያዩ ችግሮች ናቸው፤ ሁለቱም አስቀድመው ይድናሉ እንጂ አይሸፈኑም።

ከላይኛው እንጀምር። ክቡ የሚመለሰው ውሃው ከእንጨትና ከአቧራ አጥቦ ያወረደው ቀለም በውሃ የሚሟሟ ስለሆነ ነው። የውሃ ቀለም በላዩ ሲቀቡ እርጥበቱ ያሟሟውና እየደረቀ ሲሄድ ወደ ላይ ይስበዋል። አሥር ጊዜ ቢቀቡትም ይወጣል። ግን ከቀለሙ በፊት የሚያፈሰውን ቦታ ይፈልጉ። ውሃ በጣሪያው እንጨት ላይ ተንሸራቶ ራቅ ብሎ ስለሚወርድ ቀዳዳው ከክቡ ትይዩ ላይሆን ይችላል። አንድ ሰው ባትሪ ይዞ ኮርኒሱ ውስጥ ይግባ፤ ሌላው ከውጭ በጎማ ውሃ ያፍስስ። ከጣሪያው የታችኛው ጠርዝ ጀምሮ ወደ ላይ፣ በአንድ ቦታ 10 ደቂቃ ያህል እየቆየ ይሂድ። ከላይ ከተጀመረ ውሃው ሁሉንም ስለሚያዳርስ የትኛው እንዳስገባ አይለይም። ከላይ ፎቅ ወይም መታጠቢያ ቤት ካለ ደግሞ ጥርጣሬው ወደ ቧንቧው ይሂድ፦ ቧንቧዎቹን ሁሉ ዘግተው የውሃ ቆጣሪውን ያንብቡ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ደግመው ያንብቡ። ቁጥሩ ከተለወጠ የሆነ ቦታ ውሃ እየሄደ ነው።

ፍሳሹ ተዘግቶ ቦታው በሚገባ ከደረቀ በኋላ የተነሣውን ቀለም ይፋቁ፣ ጉድጓዱን በስቱኮ ይሙሉ፣ ያሹ። ከዚያ በዘይት የተሠራ፣ እድፍ የሚያግድ ፕራይመር ይቀቡ፤ ከክቡ ጠርዝ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል አልፎ ይሂድ። አንድ ሌሊት አሳድረው ይመልከቱ፤ አሁንም ብጫ ከታየ ፕራይመሩን ይድገሙ። መጨረሻ ላይ የክቡን ቦታ ብቻ ሳይሆን ኮርኒሱን በሙሉ ይቀቡ። የተለጠፈች አዲስ ቅብ ከጎን በሚገባ ብርሃን ከእድፉ ይልቅ ጎልታ ትታያለች።

ግርጌው ላይ ያለው ነጭ ዱቄት ጨው ነው። በግድግዳው ውስጥ የሚሄደው ውሃ ከሲሚንቶውና ከአፈሩ አሟሙቶ ያመጣውና ውሃው ሲተን ከላይ የቀረ ነው። በውሃ አይጠቡት፤ ሟሙቶ ተመልሶ ይገባል። በደረቅ ብሩሽ ጠርገው ወደ ውጭ ይድፉት። እርጥበቱ ከየት እንደሚመጣ ለመለየት ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ፕላስቲክ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አጥብቀው ግድግዳው ላይ ይለጥፉና ሁለት ቀን ይጠብቁ። ጠብታው ከፕላስቲኩ ሥር፣ በግድግዳው በኩል ከሆነ ውሃው ከግድግዳው ውስጥ ነው። በክፍሉ በኩል ከሆነ ግን የቤቱ አየር እርጥበት ቀዝቃዛውን ግድግዳ ነክቶ ወደ ውሃ እየተለወጠ ነው፤ መድኃኒቱም አየር ማስገባት፣ አልጋና ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ማራቅ ነው።

ከግድግዳው ውስጥ ከሆነ ወደ ውጭ ይውጡና መሬቱን ይመልከቱ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እዚያ ነው። አፈር ተከምሮ ወይም የአበባ መደብ ተሠርቶ ከውስጡ ወለል በላይ ከፍ ብሎ ይገኛል። መሬቱ ከውስጡ ወለል ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል፤ ከግድግዳውም እየራቀ ይውረድ። አፈር ከሆነ በየሜትሩ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ በሲሚንቶ የተነጠፈ ከሆነ 2 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። የአሸንዳው መውረጃ ግድግዳው ሥር የሚያፈስስ ከሆነም አርቀው ያዙሩት። ምንጩ ሲቆም የተበላሸውን ልስን ከእርጥበቱ መሥመር 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው ያንሡና ግድግዳው ይተንፍስ። አዲስ የሲሚንቶ ልስን ከመቀባቱ በፊት አራት ሳምንት ያህል መድረቅ አለበት።

በእርጥብ ግድግዳ ላይ የዘይት ቀለም መቀባት ከሁሉ የከፋው ምርጫ ነው። ውሃው መውጫ ስለሚያጣ ቀለሙን ፊኛ አድርጎ ያነሣዋል፣ ወይም ከፍ ብሎ በሌላ ቦታ ይወጣል። ጊዜ ካጠረዎት ምንጩን አቁመው ልስኑን እንዳነሡ ይተዉትና ለገዢው ምን እንደሠሩ ይንገሩት። እየደረቀ ያለ ባዶ ግድግዳ ያየ ገዢ ይረጋጋል፤ ትኩስ ቀለም ሥር እርጥበት በጣቱ ያገኘ ገዢ ግን ዋጋ ሳይጠይቅ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ አንድ ክፍል ለመቀባት ስንት ሊትር ያስፈልጋል? ቀለሙስ ምን ዓይነት ይሁን? ልጄ የሳሎኑን አንድ ግድግዳ ጥቁር ሰማያዊ አድርጋዋለች፤ ያምራል።

መልስ፦ በለስላሳና ቀድሞ በተቀባ ግድግዳ ላይ አንድ ሊትር የውሃ ቀለም በአንድ ቅብ ከ10 እስከ 12 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ ሻካራ ወይም አዲስ ልስን ከዚህ የበለጠ ይጠጣል። 4 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ፣ ቁመቱ 2.80 ሜትር የሆነ ክፍል የግድግዳው ስፋት 44.8 ካሬ ሜትር ነው። በርና መስኮቱ 4 ካሬ ሜትር ያህል ሲቀነስ ወደ 41 ይመጣል። ሁለት ቅብ ማለት 82 ካሬ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ለግድግዳው 8 ሊትር ተኩል፣ ለኮርኒሱ ደግሞ 3 ሊትር ተኩል ያህል ይያዙ። ለአንድ ክፍል የሚሆነውን ቀለም በአንድ ጊዜ ገዝተው በአንድ ትልቅ ባልዲ ያደባልቁት፤ በተለያየ ቀን የተበጠበጠ ቀለም ተመሳሳይ ቁጥር ቢኖረውም ግድግዳ ላይ ልዩነቱ ሊታይ ይችላል።

ለግድግዳ ወደ ክሬም ወይም ወደ ፈዛዛ ግራጫ ያዘነበለ ነጭ ይምረጡና በቤቱ ሁሉ ያንኑ ይቀጥሉ። ክፍል ከክፍል ቀለሙ ካልተቆረጠ ቤቱ ሰፋ ብሎ ይታያል። የሚያንጸባርቅ ቀለም የግድግዳውን ጎርበጥባጣነት ሁሉ ያጋልጣልና ለሳሎንና ለመኝታ ቤት የማያንጸባርቀው ይሻላል። የልጅዎ ሰማያዊ የሚያምር ቢሆንም ለሽያጭ ይለወጥ፤ ገዢው የራሱን ዕቃ በዚያ ሳሎን ውስጥ ማሰብ እንዲችል ነው። ጥቁር ቀለምን በነጭ ሲሸፍኑ አስቀድመው ፕራይመር ካልቀቡ ሦስትና አራት ቅብ ሊፈጅብዎ ይችላል።

ጥያቄ፦ እንግዶች «የሆነ ሽታ አለ» ይላሉ። እኛ ምንም አይሸተንም። ሽቶ ብንረጭስ?

መልስ፦ አፍንጫ በየቀኑ የሚያገኘውን ሽታ መለየት ያቆማል፤ ስለዚህ የእንግዶቹን ቃል ይመኑ። ሽቶ አይርጩ፤ ሽታው ሁለት ይሆናል፣ ገዢውም የሚሸሸግ ነገር እንዳለ ይረዳል።

ብዙም የማይፈስስባቸውን የወለል ማፍሰሻዎች አስቀድመው ይመልከቱ። ሲፎኑ፣ ማለትም ከማፍሰሻው ሥር ያለው ውሃ የሚያቁረው የታጠፈ ቧንቧ፣ ውስጥ የሚቆመው 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ውሃ ነው የፍሳሹን ጋዝ የሚያግደው፤ የእንግዳ መታጠቢያ ቤት ለሳምንታት ካልተሠራበት ውሃው ተንኖ ሽታው በቀጥታ ይገባል። አንድ ሊትር ውሃ ያፍስሱበት፤ ቤቱ ባዶ የሚቆይ ከሆነ በላዩ አንድ ማንኪያ የምግብ ዘይት ይጨምሩ፣ መትነኑን ያዘገየዋል። ከዚያ የመታጠቢያ ገንዳውን ሲፎን ፈትተው ፀጉሩን ያውጡ። በሴራሚኩ መጋጠሚያ ላይ ያለ ሻጋታ አንድ እጅ በረኪና በአሥር እጅ ውሃ አቅጥነው፣ 10 ደቂቃ አቆይተው በብሩሽ ይታጠብ። መስኮት ይከፈት፤ በረኪናን ከኮምጣጤ፣ ከአሲድ ወይም አሞኒያ ካለው ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉ፣ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። በገንዳው ዙሪያ የጠቆረ ሲሊኮን አይነጣም። በምላጭ ቆርጠው ያንሡት፣ ቦታውን በአልኮል ያብሱ፣ በደንብ ሲደርቅ አዲስ ይሙሉና ለ24 ሰዓት ውሃ አያስነኩት። በአሮጌው ላይ አዲስ መደረብ አይሠራም፤ አይያያዝም።

የሲጋራ ሽታ ያለበት ክፍል ደግሞ መጋረጃውና ምንጣፉ ይታጠቡ፣ ግድግዳውና ኮርኒሱ በሳሙና ውሃ ይታጠቡና በኮርኒሱ መልስ ላይ የገለጽነው ዓይነት እድፍ አጋጅ ፕራይመር ይቀቡ። ያለ እሱ ብጫውም ሽታውም ቀለሙን ዘልቆ ይመለሳል።

ጥያቄ፦ የሳሎናችን ግድግዳ ተሰንጥቋል። ቀለም ቀቢው «በስቱኮ ሞልቼ አጠፋዋለሁ» ብሎኛል። ይህ ማታለል ይሆንብኛል ብዬ ፈራሁ።

መልስ፦ እንደ ስንጥቁ ነው። ስፋቱ ከ1 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ብዙውን ጊዜ የልስን መድረቅ ውጤት ነው፤ መድፈኑ ተራ ጥገና ነው። ጠርዙን በስለት ከፈት አድርገው አቧራውን ጠርገው፣ የሚለጠጥ መሙያና የመረብ ፕላስተር ተጠቅመው ይድፈኑት፤ ላይ ላዩን የተለቀለቀ ስቱኮ ቶሎ ደግሞ ይሰነጠቃል። ከ5 ሚሊ ሜትር የሰፋ፣ ከመስኮት ወይም ከበር ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚሄድ፣ በብሎኬቱ መጋጠሚያ ደረጃ እየሠራ የሚወርድ፣ ወይም በአጠገቡ ያለው በር አልዘጋ ማለት የጀመረበት ስንጥቅ ግን የመሐንዲስ ጉዳይ ነው። በሁለቱ መካከል ላለው፣ ስንጥቁን አቋርጦ ትንሽ የጂፕሰም ልጥፍ ያድርጉና ቀን ይጻፉበት። ልጥፉ ከተሰነጠቀ ግድግዳው አሁንም እየተንቀሳቀሰ ነው።

ፍርሃትዎ ተገቢ ነው። በብዙ አገር ሕግ ሻጭ እያወቀ የደበቀው ጉድለት ከሽያጩ በኋላም ተጠያቂ ያደርገዋል። የመሐንዲሱን ጽሑፍ ለገዢው ያሳዩት። መጠኑ የታወቀ ችግር ዋጋ ይወጣለታል፤ መጠኑ ያልታወቀ ግን ሁልጊዜ ካለው በላይ ይገመታል።

ጥያቄ፦ ዕቃችንን አውጥተን ቤቱን ባዶ ብናሳይ አይሻልም?

መልስ፦ አይሻልም። ባዶ ክፍል ለዓይን መለኪያ ስለሌለው ጠቦ ይታያል፤ ገዢው አልጋው ይገባ እንደሆነ አያውቅም። የግድግዳው ጭረትም ሁሉ ይወጣል። ግን ከዕቃው ሲሶውን ያህል አንሡ። ሰው ሳይጋጭ የሚያልፍበት መንገድ ቢያንስ 80 ሳንቲ ሜትር ይኑር፣ በሮችም ግድግዳ እስኪነኩ ይከፈቱ። ካርቶኑን ቁም ሳጥን ውስጥ አትጠቅጥቁ፤ ገዢዎች ቁም ሳጥን ይከፍታሉ፣ ጢም ብሎ የሞላ ካዩ ማስቀመጫ ያንሰዋል ይላሉ። መጋረጃው ሲከፈት መስታወቱን እንዳይሸፍን ዘንጉን ከመስኮቱ በግራም በቀኝም 20 ሳንቲ ሜትር አስረዝሙት።

ጥያቄ፦ ፎቶ በስልኬ አነሣለሁ፤ ክፍሎቹ ግን ጨልመውና ተጣመው ይወጣሉ።

መልስ፦ ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉ። ስልኩን በአግድም፣ ከወለሉ ከ1.20 እስከ 1.40 ሜትር ከፍታ ላይ ይያዙ፤ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ካዘነበለ ግድግዳዎቹ የሚወድቁ ይመስላሉ። ከማዕዘን ወይም ከበሩ ላይ ቆመው ያንሡ። እጅግ ሰፊ የሚያሳየውን ሌንስ ይተዉት፦ በፎቶ ሰፊ መስሎት የመጣ ሰው በሩ ላይ ሲደርስ ቅር ይለዋል። ጨለማው መስኮቱን ፊት ለፊት ስለሚያነሡ ነው፤ ብርሃኑን በጎንዎ ወይም በጀርባዎ ያድርጉ። በአንድ ክፍል ውስጥ ብጫና ነጭ አምፖል አይደባለቁ። ለሳሎንና ለመኝታ ቤት ከ2700 እስከ 3000 ኬልቪን፣ ለወጥ ቤት 4000 ኬልቪን (የብርሃኑ ቀለም መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ወደ ብጫ ያደላል) የሚል የተጻፈበትን ይግዙ። የሽንት ቤቱ ክዳን ይዘጋ።

ጥያቄ፦ የሽንት ቤቱ ውሃ ሌሊት ይንሾካሾካል፤ የመኝታ ቤቱም በር ወለሉን ይፍቃል። ባለሙያ ልጥራ?

መልስ፦ ሁለቱንም ራስዎ ይሞክሩ። በውሃ ሳጥኑ ውስጥ የምግብ ቀለም ጨምረው ሳይለቁ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ፤ ቀለሙ መቀመጫው ውስጥ ከታየ የታችኛው ጎሚኒ አልቋል፣ ይለወጥ። ካልታየ ውሃው ከመትረፊያው ቱቦ አፍ 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ እንዲቆም ተንሳፋፊውን ያስተካክሉ። በሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚወርደው የላይኛው ማጠፊያ ብሎን ስለላላ ነው። ብሎኑን ያውጡ፣ ቀዳዳውን በኮላ በተነከሩ የእንጨት ስንጥሮች ይሙሉ፣ ሲደርቅ ብሎኑን መልሰው ያጥብቁ። በዚህ ካልተነሣ ብቻ ነው መላጊያ የሚያስፈልገው።

ጥያቄ፦ ገዢ ሲመጣ ቤት ውስጥ ልቆይ?

መልስ፦ በር ከፍተው ያስገቡ፣ ከዚያ ወደ ግቢው ወይም ወደ ሰገነቱ ወጣ ይበሉ። ባለቤቱ ከኋላ ከኋላ ሲከተል ገዢዎች እርስ በርስ አይነጋገሩም፣ መሳቢያም አይከፍቱም። መጋረጃውን ሁሉ ይክፈቱ፣ መብራቱን ሁሉ ያብሩ፣ ውሻ ካለ ሰው ይዞት ይውጣ። ጌጣጌጥ፣ መድኃኒትና የባንክ ወረቀት ይቆለፍባቸው። የባለቤትነት ማስረጃውን ቅጂ፣ የቤቱን ፕላን፣ የውሃና የመብራት ደረሰኞችን እንዲሁም የተሠሩትን ጥገናዎች ከነቀናቸው የያዘ አንድ ገጽ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡ። ከፕላኑ ውጭ የተጨመረ ክፍል ካለ ደግሞ ስለ ፈቃዱ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ቀድመው ይጠይቁ፤ ይህ ጥያቄ በውል መፈረሚያው ቀን ከተነሣ ሽያጩን ለወራት ሊያጓትተው ይችላል።